በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠብመንጃ፥ አረሩና ጨርቁ እንዴት ይመረጣል?
በለሚ ከታየ አንድ አሮጌ ጠብመንጃ በመነሣት የተጻፈ

፩. መግቢያ

በለሚ አካባቢ በነበርሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠብመንጃ አውርደው አሳዩኝ። ከጠብመንጃው ጋራ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ጉጠት የመሰለ የአረር ቅርጽ ማውጫ ነበር። ሁለቱንም የወረሱት ከአያታቸው ነው። «ልጄ፥» አሉኝ፤ «ይህ ጠብመንጃ ድምፅ እንጂ ምት የለውም እየተባለ ሲታማ የኖረ ነው። አያቴንም ተኳሽ አይደለም ይሉት ነበር። ጥፋቱ የሰውዬው ይሁን ወይስ የብረቱ፥ እናንተ የተማራችሁት ንገሩን።»

የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ይኸውም በዚያው ቅርጽ ማውጫ እርሳስ አቅልጦ፥ ባሩድ ፈልጎ፥ ለወንድሙ ሠርግ ሊተኩስበት አስቦ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ያለፈውን ሰው ስም ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለውንም ሰው እጅና ዓይን የሚነካ ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሁለቱም መልስ መስጠት ነው። በመጀመሪያ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠብመንጃ ከአረሩና ከጨርቁ ጋራ ያለውን የልክ ግንኙነት እገልጻለሁ፤ ቀጥሎም ይህ የልክ ነገር በሸዋ ታሪክ ውስጥ ምን ትርጉም እንደ ነበረው ለማሳየት እሞክራለሁ።

፪. ስለ ቦታውና ስለ ዕቃው

ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ በለሚ በኩል አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት አፋፍ እንደ መሆኑ፥ የአገሩ ሰው ስለ መሣሪያ ሲጫወት አደንና ዘመቻ አብረው ይነሣሉ።

የሽማግሌው ጠብመንጃ ነጠላ ቧንቧ ያለው፥ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ የሚገባ ነው። እንግዲህ ቋንቋችን ጠብመንጃ «ይጎርሳል» ማለቱ ለዚህ ዓይነቱ ከሁሉ ይልቅ የተገባ ነው፤ በእውነት በአፉ ይጎርሳልና። ጉርሻም ለአፍ ልክ ካልሆነ የሚሆነውን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ከመለካታችን በፊት አንድ ነገር አደረግን። ዘንጉን እስከ ቧንቧው መጨረሻ ሰድደን በአፈሙዙ ትክክል ምልክት አደረግንበት፤ ከዚያም አውጥተን ከውጭ በቧንቧው ጎን አስተያየነው። ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋራ ሆኖ የዘንጉ ጫፍ እሳት ከሚገባበት ቀዳዳ ርቆ ቢቀር ኖሮ፥ በውስጡ አሮጌ ጉርሻ አለ ማለት ነበር። ከአያት የተወረሱ እንዲህ ያሉ ጠብመንጃዎች እንደ ጎረሱ ተቀምጠው የሚገኙበት ጊዜ ስላለ፥ ይህን ሳያረጋግጡ መነካካት አይገባም። የዚህኛው ቧንቧ ባዶ ነበር።

የቧንቧውን ስፋት ለማግኘት ወፍራም ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልለን በአፈሙዙ አስገባንና የቆመበትን ቦታ በእርሳስ አስምረን በማስመሪያ ለካነው። ወደ 19 ሚሊሜትር ሆነ። ለቅርጽ ማውጫው ደግሞ የጧፍ ሰም አቅልጠን አፈሰስንበትና የወጣውን ኳስ ለካነው፤ ወደ 16 ሚሊሜትር ሆነ። እንዲህ ያለው አለካክ ግማሽ ሚሊሜትር ሊስት ይችላል። ነገር ግን በ19 እና በ16 መካከል ያለው ልዩነት ከስሕተቱ እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ለፍርዳችን በቂ ነው። የሰሙን ኳስ በአፈሙዙ ብንጨምረው እየተንኳኳ ወርዶ፥ ቧንቧውን ስናዘነብል ተመልሶ በእጃችን ላይ ወደቀ።

፫. የድምር ሕግ

ይህን ነገር የሚገዛው ሕግ ቀላል ድምር ነው። የአረሩ ስፋት፥ ሲደመር የጨርቁ ውፍረት ሁለት ጊዜ፥ ከቧንቧው ስፋት ጋራ መስተካከል ወይም በጥቂቱ መብለጥ አለበት። ጨርቁ ሁለት ጊዜ የሚቆጠርበት ምክንያት አረሩን በሁለቱም ጎን ስለሚያቅፈው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ግን ሁለት ዓይነት ቧንቧ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ውስጡ ለስላሳ የሆነ ነው። ሁለተኛው ውስጡ በጠመዝማዛ ቦይ የተፈለፈለ ነው። ቦይ ባለው ቧንቧ ውስጥ ክቡ አረር ብረቱን ራሱ አይነካም፤ የሚነካው ጨርቁ ነው። ጨርቁ በቦዮቹ ውስጥ ተጠቅጥቆ ቦዩን እየተከተለ ሲዞር አረሩንም አብሮ ያዞረዋል። የሚሽከረከር እንዝርት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፥ እየዞረ የሚሄድ አረርም መንገዱን ይጠብቃል። ስለዚህ ጨርቁ ተራ መወተፊያ ሳይሆን የአረሩና የቦዩ አገናኝ ነው።

ለምሳሌ ያህል በዛሬ ጊዜ ለኢላማ ተኩስ የሚሠራውን፥ በቦዮቹ መካከል ባለው ጉብታ ሲለካ 12.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ቧንቧ እንውሰድ። የቦዩ ጥልቀት በእያንዳንዱ ጎን 0.25 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ከቦይ እስከ ቦይ 13.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ለዚህ የተለመደው አረር 12.45፥ የተለመደውም ጨርቅ 0.38 ሚሊሜትር ነው። ሲደመር፥

12.45 + 0.38 + 0.38 = 13.21

ከቦዩ ስፋት ጋራ እኩል ሆነ ማለት ነው። ጨርቁ በጉብታው ላይ ይጨመቃል፥ በቦዩ ውስጥ ግን ሞልቶ ይቀመጣል፤ ጋዙም የሚሾልክበት አያገኝም።

አሁን ተኳሹ በእጁ ያለው አረር አነስ ያለ፥ 12.2 ሚሊሜትር ቢሆንስ? ጨርቁን ወደ 0.5 ሚሊሜትር ከፍ ያደርጋል፤

12.2 + 0.5 + 0.5 = 13.2

ድምሩ አልተለወጠም። የአመራረጡ ምሥጢር በሙሉ በዚህ ነው። አረርና ጨርቅ ለየብቻ አይመረጡም፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል። በጠቅላላው አረሩ ከጉብታው ስፋት ከ0.13 እስከ 0.25 ሚሊሜትር እንዲያንስ፥ ጨርቁም ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊሜትር እንዲሆን አድርጎ መጀመር የተለመደ ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቧንቧ የራሱ ጠባይ ስላለው በሙከራ ይታረማል።

፬. ለስላሳው ቧንቧና ክፍተቱ

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለእግረኛ ወታደር ይሰጥ የነበረው ጠብመንጃ ግን ባብዛኛው ለስላሳ ቧንቧ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ጠብመንጃ 19 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ አረሩ 17.5 ሚሊሜትር ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ክፍተት የተተወው በስሕተት ሳይሆን ታስቦበት ነው። የጥቁር ባሩድ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ ሳይሆን ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ ቧንቧውም ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይጠባል። ልኩ የጠበቀ አረር ያን ጊዜ አልገባም ይላል። በጦር ሜዳ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ለመተኮስ ለሚፈልግ አዛዥ፥ ልል አረር ከማይገባ አረር ይሻለዋል። ጨርቅና ቦይ ያለው ጠብመንጃ በሩቅ ይመታል፤ ሆኖም በደቂቃ አንድ ጊዜ ለመተኮስ እንኳ ያስቸግራል።

ልልነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አረሩ በቧንቧው ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ እየተላተመ ይሄድና በመጨረሻ የተላተመበት ጎን ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። እንዲህ ያለ ጠብመንጃ ከ80 ወይም ከ100 ሜትር በላይ አንድን ሰው ለይቶ ለመምታት የሚታመን አልነበረም።

አሁን ወደ ለሚው ጠብመንጃ እንመለስ። 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ የክበቡ ስፋት 283.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 17.5 ሚሊሜትር የሆነ አረር ከዚህ 240.5 ያህሉን ይዘጋል፤ ክፍት የሚቀረው ከመቶ 15 ነው። የ16 ሚሊሜትሩ አረር ግን የሚዘጋው 201 ብቻ ስለ ሆነ፥ ከመቶ 29 ክፍት ይቀራል። ከባሩዱ ኃይል ብዙው በዚህ በር ያመልጣል። በክብደትም ቢሆን 17.5 ሚሊሜትሩ የእርሳስ አረር 32 ግራም ያህል ሲመዝን፥ የ16ቱ 24 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ድምፅ እንጂ ምት የለውም የተባለው ሐሜት በሒሳብም የሚደገፍ ነው፤ ጥፋቱ ግን የተኳሹም የብረቱም አይደለም። ቅርጽ ማውጫው የሌላ ጠብመንጃ ነው።

ጉድለቱን በጨርቅ መሙላት ይቻል ነበር ወይ? በድምሩ ሕግ መሠረት 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጨርቅ ያስፈልጋል። ይህም የጋቢ እጥፋት ያህል ነው። አረሩን ከመንኳኳትና ተመልሶ ከመውደቅ ያድነዋል፤ በመካከልም ያስቀምጠዋል። ነገር ግን የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ በአንድ ጎን ይበዛል፥ በሌላው ያንሳል፤ ቧንቧውም ቦይ ስለሌለው አረሩን አያዞረውም። ስለዚህ መጠነኛ እርዳታ እንጂ ሙሉ መድኃኒት አይሆንም።

፭. ስለ ጨርቁና ስለ ቅባቱ

ጨርቁ ጥጥ ወይም ተልባ እግር መሆን አለበት። ናይሎንና የመሳሰለው በሙቀት ቀልጦ በቧንቧው ላይ ይጣበቃል። አሠራሩም ጥብቅ መሆን ይገባዋል። በአገራችን ካሉት መካከል ጥብቅ አቡጀዲ ለቀጭኑ ልክ፥ የፍራሽ ልብስ የሚሠራበት ጨርቅ ለመካከለኛው ሊሆን ይችላል። ልቅ ሆኖ የተሠራ የእጅ ፈትል በአረሩና በጉብታው መካከል ሲጨመቅ ይበጣጠሳል። አዲስ አቡጀዲ ሲገዛ የሚያደርቀው ስታርች ስላለበት አስቀድሞ መታጠብ አለበት።

ውፍረቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ጨርቁን አሥር ድርብ አድርጎ በሁለት ለስላሳ እንጨት መካከል አጥብቆ በማሰር መለካትና ለ10 ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ አሥሩ ድርብ 4 ሚሊሜትር ቢሆን አንዱ 0.4 ነው ማለት ነው።

ቅባቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ጨርቁ በቀላሉ እንዲወርድ ያደርጋል፥ ጥላሸቱንም ያለሰልሳል። ንብ ሰምና ሞራ ተቀላቅለው ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ያገለግላሉ። ሰሙ በሙቀት ጊዜ እንዳይፈስ ይይዘዋል፥ ሞራው በብርድ ጊዜ እንዳይደርቅ ያለሰልሰዋል። እንግዲህ በጀማ ቆላ ሰሙ በዛ ማለት፥ በለሚ ደጋ ደግሞ ሞራው በዛ ማለት ይኖርበታል። ቅባት ቀላል ነገር መስሎ የማይታለፍ መሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ አገር የእንግሊዝ ወታደሮች የነበሩት ሕንዶች ያመፁበት አንዱ ምክንያት፥ በጥርስ የሚቀደደው የጥይት ወረቀት በላምና በአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ነበር።

፮. አመራረጡ በተግባር

ፈቃድና አስተማሪ ያለው ሰው፥ በባለሞያ በተመረመረ ጠብመንጃ ሲሠራ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፥ ቧንቧውን ይለካል። በአፈሙዙ ብቻ መለካት አይበቃም፤ በዘንግ ብዛት አፈሙዙ ተበልቶ ሊሰፋ ይችላልና።

ሁለተኛ፥ ቅርጽ ማውጫውን ይለካል። እርሳሱም ንጹሕ መሆን አለበት። ከቆርቆሮና ከአንቲሞን የተቀላቀለ እርሳስ ጠንካራ ስለ ሆነ ጨርቁ አይነክሰውም። ከእርሳስ ፈንታ ብረት ቢደረግ ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል። 17.5 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ኳስ 22 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ በጨርቁ ስር አይጨመቅም፥ ጨርቁም ከተቀደደ ቧንቧውን ይፍቃል።

ሦስተኛ፥ በድምሩ ሕግ ጨርቁን ይመርጣል። ጉርሻው በአጭር ዘንግ ጠንከር ባለ ግፊት መግባት፥ ከዚያም በረዥሙ ዘንግ አንድ ወጥ ሆኖ መውረድ አለበት። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ካለ ጠብቋል፤ በክብደቱ ብቻ ከወረደ ልል ነው።

አራተኛ፥ አረሩ በባሩዱ ላይ መቀመጡን በዘንጉ ምልክት ያረጋግጣል። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። አረሩ በመንገድ ቀርቶ በእርሱና በባሩዱ መካከል ባዶ ቦታ ካለ፥ አረሩ እንደ ውታፍ ሆኖ ቧንቧውን ሊያሳብጠው ወይም ሊያፈነዳው ይችላል።

አምስተኛ፥ ከተኩሱ በኋላ ጨርቁን ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ፈልጎ ያነባል። ሳይቀደድ የተገኘ፥ መካከሉ ቡናማ የሆነ፥ ዙሪያውም የቦዮቹ ምልክት ያለበት ከሆነ ልኩ ጥሩ ነው። የተቃጠለና የተቀደደ ከሆነ ጋዙ አልፏል፤ ወይ ጨርቁ ቀጭን ነው ወይ አረሩ ትንሽ ነው። በመሥመር የተቆራረጠ ከሆነ ደግሞ የጉብታው ወይም የአፈሙዙ ጠርዝ ስለት ሆኗል።

፯. የልክ ነገር በሸዋ ታሪክ

ከላይ የተነገረው ለአንድ ተኳሽ ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ለታሪክ ተማሪም ግን ትምህርት ይሰጣል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዙ የጦር መሣሪያ ከውጭ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1841 መጥቶ ካቀረበላቸው ስጦታ መካከል 300 ጠብመንጃዎች ነበሩበት፤ የወዳጅነት ውልም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተፈረመ። ከፈረንሳይ ወገን ደግሞ ሮሼ ዴሪኩር ሁለት ጊዜ ወደ ሸዋ መጥቷል፤ ስጦታም አምጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1843 ከፈረንሳይ ጋራ ውል ሆኗል።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚህ ዘመን ሲጽፉ የጠብመንጃውን ቁጥር ይሰጡናል። ነገር ግን የሁለቱ መንግሥታት ጠብመንጃ አንድ ልክ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የተለመደው የፈረንሳይ እግረኛ ጠብመንጃ 17.5 ሚሊሜትር ስፋት ነበረው። እንግዲህ ለ19 ሚሊሜትሩ የእንግሊዝ ጠብመንጃ የተሠራው 17.5 ሚሊሜትር አረር በፈረንሳዩ አፈሙዝ ከቶ አይገባም። ለፈረንሳዩ የተሠራው ወደ 16 ሚሊሜትር የሚጠጋ አረር ደግሞ በእንግሊዙ ውስጥ ይንኳኳል። በለሚ ያየሁት ነገር ይህን መሰለኝ፤ ቧንቧው የእንግሊዙን ልክ፥ ቅርጽ ማውጫው የፈረንሳዩን ልክ ይቀርባል። ይህን ስል ጠብመንጃው ከንጉሡ ስጦታ አንዱ ነው ማለቴ አይደለም፤ በልክ ብቻ የትውልድ አገር አይረጋገጥምና። ለማለት የፈለግሁት፥ አንድ መቶ ጠብመንጃ ያለው አለቃ ለየቧንቧው የሚስማማ ቅርጽ ማውጫ ከሌለው መቶ ጠብመንጃ አለው ማለት እንደማይቻል ነው።

ይህ ችግር በኋላ በሁለት መንገድ ተቃለለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ሚኒዬ ታች በኩል የተቦረቦረ ሾጣጣ ጥይት አወጣ። ሲገባ ልል ነው፥ ሲተኮስ ግን ቂጡ ሰፍቶ ቦዩን ይሞላል፤ ጨርቅም አያስፈልገውም። የ1853ቱ የእንግሊዝ ኤንፊልድ በዚሁ ዘዴ ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ከኋላ የሚጎርስ መሣሪያ መጣ። ስናድር የተባለው ጠብመንጃ በጦርነት መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 በመቅደላ አጠገብ በእሮጌ ከአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ጋራ በተደረገው ውጊያ እንግሊዞች ይዘውት ነበር። በጉንደትና በጉራዕ ከግብጾች ከተማረከው ሬሚንግተን ወዲያም ከኋላ የሚጎርሰው እየበዛ ሄደ። ባሩድ፥ ጥይትና መለኰሻ በአንድ ቀለህ ውስጥ ከሆኑ በኋላ ልክ የማስማማቱ ሥራ ከወታደሩ እጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ሄደ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተኳሹ ጥያቄ «ምን ያህል ጨርቅ ልጠቅልል?» መሆኑ ቀርቶ፥ «ለዚህ መሣሪያ የሚሆን ጥይት ከየት ይገኛል?» የሚል ሆነ።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠብመንጃ አረርና ጨርቅ በድምር እንጂ ለየብቻ አይመረጡም። ሁለተኛ፥ ቦይ ያለው ቧንቧ በጨርቁ አማካይነት አረሩን ሲያዞር፥ ለስላሳው ግን ለፍጥነት ሲል ትክክለኛነትን ይተዋል። ሦስተኛ፥ አሮጌ ጠብመንጃ የሚያጠና ሰው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ከረጢቱን፥ ዘንጉንና ቅርጽ ማውጫውንም አብሮ መለካትና መመዝገብ አለበት። እነዚህ ዕቃዎች ከጠብመንጃው ተለይተው ከተጣሉ የታሪኩ ግማሽ አብሮ ይጠፋል። በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የሚገኙትን ጓደኞቼ ተማሪዎች በየአገራቸው ቢለኩ፥ አሁን በአንድ ጠብመንጃ ላይ የተናገርሁት በብዙ ይፈተን ነበር።

ለልጅ ልጃቸው የሰጠሁት መልስ አጭር ነው። ዕድሜው ይህን ያህል የሆነ፥ ውስጡ ዝገት ያለበትና በባለሞያ ያልተመረመረ ቧንቧ፥ አረር ቢኖረውም ባይኖረውም አይተኮስም። ቅር ቢለውም ተቀበለኝ።

ለሽማግሌው ደግሞ የሰሙን ኳስ በአፈሙዙ ውስጥ ደጋግሜ እያንኳኳሁ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ቀጥለው ኳሱን ከእጄ ተቀብለው በራሳቸው እጅ ጨመሩት፤ ቧንቧውን አዘንብለው ሲወጣም አዩት። «እንግዲያስ አያቴ በሰው ጉርሻ ነበር የሚተኩሰው» አሉ። ከዚያም ጠብመንጃውን ወደ ቦታው መልሰው ሰቀሉት፤ የሰሙን ኳስ ግን ከቅርጽ ማውጫው ጋራ በከረጢቱ ውስጥ አኖሩት።